የሰፈር ኮሚቴ «አይሆንም» ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ማሲንቆና ክራር ለማስጫወት፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማም በጓሮዬ ዝግጅት ለማድረግ አስቤ፣ በመጠጥ ፈቃዴ ላይ የመዝናኛ ፈቃድ እንዲጨመርልኝ አመለከትኩ። የሰፈራችን ኤኤንሲ የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ ግን ባለፈው ሳምንት ተሰብስቦ «ጫጫታና የሌሊት ጠብ ያመጣል» በማለት በሦስት ለሁለት ድምፅ ተቃወመኝ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም፤ እንዲያውም በሕግ ዓይን ገና አልተጀመረም። ኤኤንሲ የምንለው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ነው። አባላቱ ያለ ደመወዝ ለሁለት ዓመት የሚመረጡ ጎረቤቶችዎ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪዎችን ይወክላሉ። ኮሚሽኑ ፈቃድ አይሰጥም፣ ፈቃድም አይነጥቅም። በእርስዎ ጉዳይ የሚወስነው የከተማው የአልኮልና የካናቢስ ቦርድ ነው። ይሁን እንጂ ቦርዱ የኮሚሽኑን ምክር እንደ ተራ አስተያየት ሊያልፈው አይችልም፤ ሕጉ ለምክሩ «ታላቅ ክብደት» እንዲሰጠው ስለሚያዝ፣ ኮሚሽኑ ያነሣቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ተመልክቶ የተቀበለበትን ወይም ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ መግለጽ አለበት።

ይህ ክብደት የሚሰጠው ግን ለኮሚቴ ድምፅ አይደለም። ሙሉው ኮሚሽን አስቀድሞ ማስታወቂያ ወጥቶለት፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስብሰባ ድምፅ ሰጥቶ ውሳኔውን በጽሑፍ ሲያስተላልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የሦስት ለሁለቱ ድምፅ ለኮሚሽኑ የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ እንጂ ሌላ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በኮሚቴው ተቆጥተው ከዋናው ስብሰባ ሲቀሩ አይቻለሁ፤ እንዲህ ሲሆን የሚመዘገበው የተቃዋሚው ቃል ብቻ ነው።

ወደ ስብሰባው ሲሄዱ ስለ ባህላችን ማማር ከመናገር ይልቅ ለፍርሃታቸው መልስ ይዘው ይቅረቡ፦ በር ላይ ማን እንደሚቆም፣ እንግዳ ሲወጣ መኪናው የት እንደሚጠብቀው፣ የጓሮው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ቅሬታ ያለው ጎረቤት በየትኛው ስልክ እንደሚደውልና ማን እንደሚያነሣ። ከግድግዳዎ ማዶ የሚኖር አንድ ጎረቤት የጻፈልዎ አጭር ደብዳቤ ከሩቅ ሰፈር ከመጡ ሃምሳ ደጋፊዎች ይበልጣል።

በሩ ላይ የሚለጠፈው የማመልከቻ ማስታወቂያ ለተቃዋሚዎች የተወሰነ የጊዜ ገደብ ይሰጣል። ኮሚሽኑ በዚያ ጊዜ ውስጥ መደበኛ ተቃውሞ ካስገባ አብዛኛውን ጊዜ ሽምግልና ይከተላል፤ በዚያ የሚቀርብልዎትም የስምምነት ሰነድ ነው። እዚህ ላይ እለምንዎታለሁ፣ በችኮላ አይፈርሙ። ቦርዱ ካጸደቀው በኋላ ሰነዱ የፈቃድዎ አካል ይሆናል፤ ፈቃዱ ሲታደስም አብሮ ይቀጥላል፤ መጣሱም ያስቀጣል። ሌላው ወገን ካልተስማማ በስተቀር ለማሻሻል የሚጠየቀው ቢያንስ አራት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ያውም በእድሳት ወቅት ነው።

ለምሳሌ «ማንኛውም ሙዚቃ ከምሽቱ በ10 ሰዓት ይቆማል» የሚል መስመር ቢያገኙ (የእነሱ 10 ሰዓት የእኛ ምሽት 4 ሰዓት መሆኑን ልብ ይበሉ) ቃሉ በካሴት የሚሰማውን ለስላሳ ዜማ ሳይቀር ይይዛል። ፍርሃታቸው የጓሮው ድምፅ ከሆነ «በጓሮው የሚቀርብ ሙዚቃ» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ውስጥ የሚመታው ክራር የተለየ ሰዓት ይኑረው። የእንቁጣጣሽንና የገናን ዋዜማ የመሳሰሉ በጣት የሚቆጠሩ ምሽቶችም በስማቸው ተጠቅሰው የተለየ ሰዓት እንዲሰጣቸው ማድረግ ይቻላል፤ ሲጠየቁ እንጂ በራሳቸው አያስቡልዎትም።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ አለኝ። በሐምሌ 2025 የከተማው ምክር ቤት ስለ ወጣቶች የሰዓት እላፊ ሕግ ሲያወጣ ወላጆችን የጠራ የለም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ሕጉ የወጣው በአስቸኳይ ሥርዓት ስለሆነ ነው። በመደበኛው መንገድ አንድ ረቂቅ ወደ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፤ ከዚያ ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ከንቲባዋ ካዩት በኋላም ወደ ኮንግረስ ይሄዳል። አስቸኳይ ሕግ ግን ከ13ቱ አባላት የዘጠኙን ድምፅ ካገኘ ኮሚቴውን ዘሎ ያልፋል፤ የሚጸናውም ለ90 ቀን ብቻ ነው። ያ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ሁሉ እላፊውን ከምሽቱ 11 ሰዓት (በእኛ 5 ሰዓት) ያደረገ ሲሆን፣ የፖሊስ አዛዥዋ በሚከልሏቸው ቦታዎች ደግሞ ዘጠኝና ከዚያ በላይ ሆነው የሚሰበሰቡ ልጆችን ከምሽቱ 8 ሰዓት (በእኛ 2 ሰዓት) ጀምሮ እንዲከለክሉ ፈቅዷል። ከወላጅ ጋር ያለ ልጅ አይመለከተውም። እኔ በበኩሌ የዘጠኝ ልጆች ቆጠራ ከኳስ ጨዋታ የሚመለሱትንና ለጠብ የሚሰባሰቡትን እንደማይለይ አምናለሁ። አስቸኳይ ሕግ በቋሚ ሲተካ ግን ረቂቁ ኮሚቴ ዘንድ ይቀርባል፤ ወላጆች መናገር ያለባቸውም ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ዜጋ አይደሉም፣ እንግሊዝኛም አይችሉም። ኮሚቴ ፊት ቀርበው መናገር ይችላሉ?

መልስ፦ ይችላሉ። ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። በ2022 ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት እስከ መስጠት ደርሷል። አንድ ግለሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ስለሆነ፣ እናትዎ የሚሉትን በአማርኛ ጽፈው ቤት ውስጥ ሰዓት ይዘው ያንብቡት። አስተርጓሚ እንዲኖር ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ያሳውቁ። በከተማው መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አስተርጓሚን ግዴታ ያደርጋል፤ ቢከለከሉ አቤቱታው የሚቀርበው ለሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ነው።