ኢቨንት ባስን በኮምፖነንቶች መካከል መጋራት፦ የጅማ ልጆች ጥያቄና መልስ

ሰላም የጅማ ልጆች። ሰሞኑን በየቡናው ስለ ኢቨንት ባስ ስትጠይቁኝ ነበር፤ ዛሬ ማታ ተቀምጫለሁ፣ ጠይቁ። ኢቨንት ባስ አንዱ ኮምፖነንት (የገጹ አንድ ክፍል) "ይህ ሆነ" ብሎ የሚናገርበት፣ ሌላው የሚያዳምጥበት የጋራ መስመር ነው። ፕሮፕስን (ከወላጅ ኮምፖነንት ወደ ልጁ የሚወርደውን ዳታ) ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምመልሰው።

ከኪቶ ፉርዲሳ፦ በቪው 2 (የዌብ ገጽ መሥሪያው ፍሬምወርክ) ባዶ ኢንስታንስ ፈጥሬ እንደ ባስ እጠቀምበት ነበር። ቪው 3 ላይ እምቢ አለኝ።

መልስ፦ ቪው 3 በ2020 ሲወጣ ኦን (ማዳመጥ ጀምር)፣ ኦፍ (ማዳመጥ አቁም) እና ዋንስ (አንዴ ብቻ አዳምጥ) ከኢንስታንሱ ላይ ተነስተዋል። ሚት የምትባል የኢቨንት ባስ ላይብረሪ ተጠቀም፤ ተጨምቃ 200 ባይት ገደማ ናት። በአንድ ፋይል ውስጥ አንዴ ፍጠራትና ሁሉም ከዚያው ኢምፖርት ያድርግ። በየኮምፖነንቱ አዲስ ከፈጠርክ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚያወራው።

ከሂርማታ፦ ጋሼ፣ ሴቭ አንዴ ስጫን ሶስቴ ይመዘገብብኛል። ሰርቨሩ ነው?

መልስ፦ ሰርቨሩን ተይው እህቴ። ገጹን ስትከፍቺ ኦን ትያለሽ፣ ስትወጪ ግን ኦፍ አላልሽም። ኮምፖነንቱ ከስክሪን ቢጠፋም ባሱ ፈንክሽኑን ይዞት ይቀራል። ሶስቴ ከገባሽ ሶስት ሊስነር (የሚያዳምጥ ፈንክሽን) አለ፤ ሜሞሪውም አይለቀቅም።

ይህ ነገር እኔንም አንገብግቦኛል። ለአንድ ቡና ነጋዴ የሚዛን መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። መዝጋቢዋ ከገጽ ገጽ እየተመላለሰች ስትሠራ አንዱ ጆንያ ሶስት ሆኖ ገባ። ገበሬውና ነጋዴው ሊጣሉ ደረሱ። ጥፋቱ የእኔ አንድ መስመር ነበር። ከዚያ ወዲህ ኦን ስጽፍ ኦፉን እዚያው ወዲያው እጽፋለሁ።

ቪው 3 ላይ ኮምፖነንቱ ሲጠፋ በሚጠራው "ኦንአንማውንትድ" ውስጥ ኦፍ በይ። ሪአክት (ሌላው የዌብ ገጽ መሥሪያ) ላይ ለዩዝ ኢፌክት የምትሰጪው ፈንክሽን በሚመልሰው የማጽጃ ፈንክሽን ውስጥ ነው። ለኦን የሰጠሽውን ያንኑ ፈንክሽን ለኦፍም ስጪ። ሁለቱም ቦታ ላይ አዲስ አሮው ፈንክሽን ከጻፍሽ አይነሳም፤ ለባሱ ሁለት የተለያዩ ፈንክሽኖች ናቸው። ሚት ላይ ደግሞ የኢቨንቱን ስም ብቻ ሰጥተሽ ኦፍ ካልሽ የሌሎቹም ሊስነር አብሮ ይጠፋል። ኦን ያለ፣ ኦፍ ይበል!

ከአጂፕ፦ እኔ ባስ ጭራሽ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ፒንያ (የቪው ስቶር፣ ማለትም የጋራ ዳታ ማስቀመጫ) እያለ?

ከፈረንጅ አራዳ፦ "ተመዝግቧል" የምትል ቶስት (ብቅ ብላ የምትጠፋ ማሳወቂያ) ለማሳየት ስቶር ልክፈት እንዴ?

ከአጂፕ፦ ከስድስት ወር በኋላ ማን ምን እንደላከ ፈልገህ ታጣዋለህ።

ከቦሳ አዲስ፦ ቪውን ትታችሁ ሪአክት ብትገቡ ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር።

መልስ፦ ቪውና ሪአክትን ለሌላ ቀን እናቆየው። የአጂፑ ወንድማችን ስጋት እውነት ነው፤ ስለዚህ የኢቨንት ስሞችን በአንድ ፋይል ሰብስቡ። ቶስት ግን ለባስ ተስማሚ ሥራ ነው፤ ሆኖ ያልፋል።

ከኪቶ ፉርዲሳ፦ የገባውን ተጠቃሚ ስም በባስ ብልክስ?

መልስ፦ አይሆንም። ባስ ያለፈውን አያስታውስም። ኢቨንቱ ካለፈ በኋላ የተከፈተ ኮምፖነንት ምንም አይሰማም፣ ስሙ ባዶ ይሆናል። የሚቆይ ነገር ስቶር ውስጥ፣ የሚያልፍ ነገር ባስ ላይ።

ከቆጪ፦ ባሴ አይሠራም።

መልስ፦ ምኑ ነው የማይሠራው? ኮድህን ሳላይ ምን ልበልህ?

ከቦሳ አዲስ፦ በሁለት ታብ መካከልስ?

መልስ፦ ባስ ከታቡ አይወጣም። ለታቦች መላላኪያ የብሮውዘሩን ብሮድካስት ቻነል ተጠቀም።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ለጀማሪ የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ?

መልስ፦ ዛሬ አይደለም።

ከቦሳ አዲስ፦ ሪአክት 18 ላይ ዩዝ ኢፌክቴ ሁለቴ ይሮጣል።

መልስ፦ ስትሪክት ሞድ (የሪአክት ስህተት መፈተሻ) ነው፤ በዴቨሎፕመንት ጊዜ ብቻ። ኮምፖነንቱን ሆን ብሎ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል። ኦፍ የረሳ ሰው እዚያው እንዲያይ ነው። ስትሪክት ሞዱን አታጥፋው፣ ኦፉን ጻፍ።

ከቆጪ፦ እሺ፣ ችግሬ ይሄ ነው፦ ሜሴጁ ሁለቴ ይመጣል።

መልስ፦ ለሂርማታዋ እህታችን የመለስኩትን አንብበሃል? መጀመሪያ ኦፍ ያልክበትን መስመር ላክልኝ።