ለፕሬዚዳንቱ ከመጻፍህ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። መልስ የሚሰጡት በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት 31 ዓመት ሠርተው በጡረታ የተገለሉ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት የወሰድኩት የአንድ ኮርስ ውጤት እስከ ዛሬ «ኤንጂ» ይላል። ያስተማሩን መምህር ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ ሀገር ሄደዋል። ትምህርት ክፍሉ «ሬጅስትራር ሂድ» ይለኛል፤ ሬጅስትራር «ትምህርት ክፍልህ ሂድ» ይለኛል። ይህ ካልተስተካከለ የመውጫ ፈተና እንደማልወስድ ተነግሮኛል። ለምን በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አልጽፍም? (ተመላላሹ)

መልስ፦ ልጄ፣ «ትምህርት ክፍልህ ሂድ» እያሉ ተማሪ ከሚመልሱት አንዷ እኔ ነበርኩ። ከዚያች መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ስንቱን እንዳመላለስኩ ፈጣሪ ይቁጠረው። በአንተ ጉዳይ ግን መስኮቷ ላይ ያለችው ሠራተኛ አልዋሸችህም። ሬጅስትራር ውጤት ያስቀምጣል እንጂ ውጤት አይሰጥም። «ኤንጂ» ማለት በስምህ የተላከ ውጤት የለም ማለት ነው። ውጤት የሚሰጠው መምህሩ ነው፤ መምህሩ ከሌለ ደግሞ ጉዳዩ የትምህርት ክፍሉ ዕዳ ነው። የፈተና ወረቀትህ ወይም የነጥብ መመዝገቢያው እዚያው መደርደሪያ ላይ ወይም በመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከተገኘ ኃላፊው ሌላ መምህር መድበው ያሳርማሉ፤ ካልተገኘ እንደገና ትፈተን ወይስ ሌላ መላ ይፈለግ የሚለውን የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ተሰብስቦ ይወስናል። ከዚያ የኮሌጁ ዲን የፈረሙበት የውጤት ማሻሻያ ቅጽ ወደ ሬጅስትራር ይመጣል። የቅጹ ስምና የፊርማው ብዛት ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው።

አሁን ስለ ፕሬዚዳንቱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ሥልጣኑን ደረጃ በደረጃ ያስቀመጠዋል። ከላይ ቦርዱ አለ፤ በጀቱን፣ ዕቅዱንና የአመራሩን ሥራ ይከታተላል። የአካዳሚክ ሕጉን፣ ማለትም ስንት ነጥብ ያሳልፋል፣ ማን ይባረራል፣ ቅሬታ እንዴት ይታያል የሚለውን የሚያወጣው ሴኔቱ ነው፤ በዚያ ጉባኤ የተማሪ ተወካዮችም ይቀመጣሉ። ከዚያ በታች ኮሌጆች፣ ከኮሌጆቹ በታች ትምህርት ክፍሎች አሉ። ፕሬዚዳንቱ ሁሉንም ያስተዳድራሉ፤ የአንተን ፈተና ግን አያርሙም። ለእርሳቸው ብትጽፍ የሚሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ታስገባለች፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከቀናት በኋላ ጥግ ላይ «ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ይመልከቱት» ተብሎ ይመራል። ምክትሉ «ለኮሌጁ ዲን»፣ ዲኑ «ለትምህርት ክፍሉ» ብለው ይመሩታል። ሦስት ሳምንት ፈጅቶ አንተ ዛሬ ቆመህ ያለህበት በር ላይ ይደርሳል። ያውም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ከእኔ አልፎ ላይ ከሰሰኝ» ብለው ያኮርፋሉ። ማኩረፋቸው ልክ ነው አልልም፤ ግን ያኮርፋሉ።

ስለዚህ ነገውኑ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍ። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አድርገው፤ ግልባጩን ለኮሌጁ ዲን እና ለሬጅስትራር ስጥ። ሙሉ ስምህን እስከ አያት ጻፍ፤ መታወቂያ ቁጥርህን፣ የኮርሱን መለያ ቁጥር፣ መንፈቀ ዓመቱን፣ የመምህሩን ስም ጨምርበት። የመመዝገቢያ ወረቀትህን ኮፒ አያይዝ። በሁለት ኮፒ ይዘህ መዝገብ ቤት ሂድና አንተ ዘንድ የሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርግ። በቃል የሚመላለስ ተማሪ ፋይል የለውም፤ ፋይል የሌለው ደግሞ አልመጣም ማለት ነው።

«እስከ አያት» ያልኩት ለወጉ አይደለም። አንድ ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ልጆች ነበሩን። አንደኛዋ በምትወደው ኮርስ ዲ ተመዘገበባት። አለቀሰች፣ መምህሩ ቢሮ ተመላለሰች፣ መምህሩም «ዲ የሚሰጥ ሥራ አልሠራሽም» ብለው ማሉላት። ልክ ነበሩ፤ የሰጧት ቢ ነበር። ነጥቡን ከወረቀት ወደ መዝገብ ስንገለብጥ የሁለቱን ያቀያየርነው እኛ ነን። የተገኘው ልጅቷ በጽሑፍ ካመለከተች በኋላ ነው፤ ማመልከቻው ሲመጣ ዋናውን ወረቀት ከሣጥን አውጥቶ ማየት ግድ ይሆናልና። ሌላዋ ልጅ የማይገባኝ ቢ ደርሶኛል ብላ አለመምጣቷ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ። የተፈታኞች ስም ዝርዝር ደግሞ ቀደም ብሎ ስለሚላክ፣ በማመልከቻህ ላይ ፈተናው መቃረቡን በግልጽ አስፍር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘህ የማኅተሙን ኮፒ ይዘህ ወደ ዲኑ፣ ከዚያ ወደ አካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ውጣ። ያኔ መውጣት መዝለል አይባልም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በሩ ሁሉ ከተዘጋ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል፤ እርሱም ግን መጀመሪያ የሚጠይቅህ «በተቋሙ ውስጥ አመልክተሃል ወይ?» ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚማረው ከቤት 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የምግብ ቤቱ ምግብ አልስማማ ብሎት በምልክለት ገንዘብ ከግቢ ውጭ ይበላል። በነጻ የሚመገብ ሰው ምን አፍ አለው ብዬ ዝም ብያለሁ። ማንን ልጠይቅ? (እናት)

መልስ፦ እመቤቴ፣ በነጻ አይመገብም። ይህን አለማወቅዎ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ልጁም ሳያነበው ነው የፈረመው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪ ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ምግቡንና መኝታውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ሥራ ሲይዝ ከገቢው በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ስለዚህ ልጅዎ ነገ የሚከፍለውን ምግብ ዛሬ እየበላ ነው፤ አፍ አለው።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን የወጥ ቤቱንም ችግር ልንገርዎ። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚያዘው በጀት ለብዙ ዓመት 15 ብር፣ ከዚያ 22 ብር ነበር። በቁርስ፣ በምሳና በእራት ሲካፈል ለአንድ ማዕድ ሰባት ብር አካባቢ ይደርሳል፤ በሰባት ብር ሽሮ መሥራት ሙያ ሳይሆን ተአምር ነው። በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ሆኗል። የጤፉን ዋጋ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ልጅዎ ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን ያመልክት፤ የተማሪዎች ኅብረቱም የምግቡን ጉዳይ የሚከታተሉ ተወካዮች ይኖሩታል። ሆዱን የሚያመው ከሆነ ከተማሪዎች ክሊኒክ የሐኪም ወረቀት ያውጣ፤ ያለ ወረቀት «ምግቡ አልተስማማኝም» ቢል ማንም አይሰማውም። ሌላው አማራጭ «ነን ካፌ» የሚሉት ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ካለ፣ ምግብ ቤቱን ትቶ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል። እኔ በግሌ አልወደውም። ገንዘቡ እስከ ወሩ አጋማሽ ሳይደርስ የሚያልቅባቸውን ልጆች አይቻለሁ፤ እነርሱ ደግሞ ለእናታቸው አይናገሩም። ደውለው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ በ1998 ዓ.ም. ተመርቄ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የውጭ ሀገር ዲግሪ ለሚመዝን ድርጅት የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የውጤት ዝርዝር) ያስፈልገኛል። ወንድሜ ሄዶ ሊያወጣልኝ ይችላል?

መልስ፦ ማመልከቻውን ማስገባትና መክፈል ይችላል፤ ፖስታውን ግን በእጁ አይቀበልም። ኦፊሻል የሚያሰኘው ከሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ ለድርጅቱ መላኩ ነው። ለወንድምዎ በዋሽንግተን ኤምባሲ በኩል ውክልና ይስጡት፤ ውክልናው አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብዎት አስቀድመው ይጨርሱና ማስረጃውን ያያይዙ፤ ያለዚያ ወንድምዎ ከመስኮቱ ይመለሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ያጣሩ። በፓስፖርትዎ ላይ ስምዎ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ዲግሪዎ ላይ እንዳለው ነው? ፀሐይ የሚለውን ስም ብቻ በአራት ዓይነት ፊደል ተጽፎ አይቼዋለሁ፤ አራቱንም የጻፍናቸው እኛው ነን።