ጥያቄና መልስ፦ ለሃይብሪድ የቤተሰብ መኪና ጎማ ስንቀይር

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ እንዴት አመሻችሁ። ሰሞኑን በየአቅጣጫው ስለ ጎማ ስትጠይቁኝ፣ አንድ ምሽት መድበን እንጨርሰው ተባብለን ነበር። ይኸው ተቀምጫለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት የመኪናውን ሞዴልና ዓመት፣ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ የምትመላለሱበትን መንገድ ጻፉልኝ። «ጥሩ ጎማ ንገረን» የሚል አልመልስም። ዋጋም አትጠይቁኝ፤ ዛሬ የነገርኳችሁ ለነገ አይሆንም።

ባለ ፕሪየሱ፦ ጋሼ፣ በፈረንጅ የ2012 ፕሪየስ ነው፣ 195/65 አር 15፣ 91 ኤች። አራቱንም ልቀይር ነው። ሱቅ ውስጥ «185/65 አር 15፣ 88 አለ፤ ያው ነው፣ ይገባል» አሉኝ። ልግዛ?

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ አትግዛ። መግባቱማ ይገባል፣ ቸርኬው ያው 15 ነው። 91 ማለት ግን አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ 88 ደግሞ 560። በአራት እግር 220 ኪሎ አጣህ። አንተ ደግሞ ለበዓል መንዝ ዘልቀህ፣ ቤተሰቡን ሞልተህ፣ ኩንታል ገብስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስረህ እንደምትመለስ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሃይብሪድ ከቤንዚን ሞተሩ ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ተሸክሞ ስለሚሄድ ገና ሳይጫን ቤንዚን ብቻ ከሆነው ይከብዳል። ቁመቱም በ13 ሚሊሜትር ያንሳል፤ ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው ከምትሄደው አስበልጦ ያሳይሃል። ያ 185 ጎማ የ2004 እስከ 2009ኙ ፕሪየስ ልክ ነው፣ እዚያ ላይ ምንም አይወጣለትም። ያንተ 195/65፣ 91 ነው። 95 ካገኘህ ውሰድ። ከፋብሪካው የሸክም ቁጥር ከፍ ማለት ይቻላል፣ ዝቅ ማለት የለም።

የጫጫው፦ ኤች ማለትስ?

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተፈተነ ማለት ነው። ቲ 190፣ ቪ 240። ማንም እዚህ 210 አይነዳም፤ ቢሆንም ከፍ ያለው ፊደል ሙቀት ይበልጥ ይችላል። ከፋብሪካው ፊደል አትውረዱ።

እናት ዓለም፦ ጋሼ፣ እኔ ልጆች አመላልሳለሁ፤ በወር አንዴ አዲስ አበባ፣ ለበዓል ደግሞ አንኮበር እናቴ ጋ። ኮሮላ ሃይብሪድ፣ 205/55 አር 16። «ኦል ሲዝን» የሚባለውን ልግዛ ወይስ ሌላ? በውርጩ ሰዓት ይረዳል ይሉኛል።

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ እህቴ፣ ጥያቄ እንዲህ ይጠየቃል። ኦል ሲዝን የሚባለው ጎማ በረዶ መሬት ላይ ለሚተኛበት አገር የተሠራ ማስታረቂያ ነው። እዚያ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ የበጋ ጎማ ይደርቅና መያዝ ያቅተዋል፤ የበረዶ ጎማ ደግሞ በሙቀት ይለሰልስና ቶሎ ያልቃል። ኦል ሲዝን መሐል ላይ ቆመ። እኛ ጋ ደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ጥር ንጋት ላይ ውርጭ አለ፤ ልጆች የምታደርሽበት ሰዓት ላይ አስፋልቱ በእርግጥም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ኦል ሲዝን አይጎዳሽም፣ ትንሽም ይረዳሻል። ግን ስሙን አይተሽ አትግዢ። «ኤም ፕላስ ኤስ» (ጭቃና በረዶ) የሚለውን ጽሑፍ አምራቹ ራሱ ይለጥፈዋል፣ ማንም አይፈትንለትም። ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሥዕል ግን በበረዶ ላይ ተፈትኖ የሚሰጥ ነው።

አንቺን የሚገድልሽ በረዶ አይደለም፤ ሐምሌና ነሐሴ አንኮበር መንገድ ላይ ጉም ወርዶ አስፋልቱ ሲረጥብ ነው። ስለዚህ የምትጠይቂው እርጥብ ላይ እንዴት ይይዛል የሚለውን ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ጎማ ላይ በፈረንጅ ከ2021 ወዲህ ከኤ እስከ ኢ የሚሄድ መለያ አለ፤ አንዱ ፊደል ለነዳጅ፣ አንዱ ለእርጥብ አያያዝ። የእርጥቡ ኤ ወይም ቢ ይሁን። ለአሜሪካ የተሠራው ጎኑ ላይ «ትራክሽን» ይላል፤ ኤኤ ወይም ኤ ፈልጊ። «ቴምፕሬቸር» (ሙቀት መቻሉ) የሚለው ደግሞ ኤ ይሁን፤ ቆላ መውረድ ይመጣልና። «ትሬድዌር» (የጥርሱ አበላል) 400፣ 500 የሚለውን ቁጥር አምራቹ ለራሱ የሚሰጠው ነው፤ የአንዱን ከሌላው ጋር አታወዳድሪ።

ባለ ፕሪየሱ፦ ለሃይብሪድ ግን ነዳጅ የሚቆጥበው ጎማ አይደለም እንዴ የሚሻለው? ሃይብሪድ የገዛነው ለምን ሆነና?

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ ልክ ነው፣ እንዳይቀር። ሲንከባለል የሚቀለው ጎማ ነዳጅ ይቆጥባል፤ እንደ ብሪጅስቶን ኢኮፒያ ያለው ለዚሁ የተሠራ ነው። ግን የነዳጁ ፊደል ኤ፣ የእርጥቡ ዲ የሆነ ጎማ አምጥተህ ልጆችህን አትጫንበት። መጀመሪያ የእርጥቡን ተመልከት፣ ከዚያ ነዳጁን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጎማ በቀየራችሁ ሳምንት «ነዳጅ በላብኝ» ብላችሁ አትደውሉልኝ። አዲስ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ካለቀው ይልቅ ይከብደዋል፤ እየተበላ ሲሄድ ይቀላል።

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦ እኔ ያገኘሁት ያገለገለ ነው፣ ግን ጥርሱ ሙሉ። 2015 ይላል ጎኑ ላይ። የቅርብ ነው አይደል?

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ ኧረ በማርያም። የእኛን 2015 ነው ያነበብከው። «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ዓመት ብቻ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት፤ ያውም በፈረንጅ። 2015 ማለት የ2015 20ኛ ሳምንት፤ በእኛ ግንቦት 2007። ጎማህ አሥር ዓመት አልፎታል። ጥርሱ ሙሉ የሆነው ቆሞ ስለኖረ ነው። አጎንብሰህ የጥርሱን ሥርና ጎኑን በጥፍርህ ግፋው፤ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ መስመር ታያለህ። ከስድስት ዓመት በኋላ በየጊዜው እየታየ ይነዳል፤ አሥር ከሞላው ጥርሱ ሙሉም ቢሆን ይወርዳል። 3222 ቢል ደግሞ የ2022 32ኛ ሳምንት ነው። ሁላችሁም ከመክፈላችሁ በፊት አራቱን ቁጥር አንብቡ።

የሸኖው፦ ያገለገለ ጎማ ግን ያን ያህል መጥፎ ነው?

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ አራቱን ቁጥር አንብብ።

ሸዋ ሮቢት፦ ጋሽዬ፣ ሥራዬ ሸዋ ሮቢት ነው፣ ቤተሰቤ ደብረ ብርሃን። ቅዳሜ እወጣለሁ፣ ሰኞ እወርዳለሁ። ታች ስደርስ አየሩ በዝቶ አገኘዋለሁ፤ አስተነፍሰዋለሁ። ላይ ስወጣ ደግሞ ጠዋት የጎማው መብራት ይበራል። ጎማው ይሆን ሴንሰሩ የተበላሸው?

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ ይሄን ሰው ስጠብቅ ነበር። ጎማውም ሴንሰሩም ደህና ናቸው፤ የተበላሸው ማስተንፈስህ ነው።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ነች፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280። ጣርማ በርን አልፈህ ደብረ ሲናን፣ አርማንያን ስትወርድ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይሆናል። ጌጁ የሚያነበው የጎማው አየር ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ታች የውጭው አየር ስለሚከብድ በከፍታው ብቻ ወደ 2 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ ያለው የአየር መለኪያ) ይቀንሳል። በሌላ በኩል ንጋት ላይ 5 ዲግሪ የነበረ ጎማ 30 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ወደ 4 ይጨምራል። ተቻችለው የሚተርፈው 2 ገደማ ነው። ይሄ እንግዲህ ቆሞ ለቀዘቀዘ ጎማ ነው። አንተ ግን ወርደህ፣ ጎማው በመንገዱ ግሎ፣ ወዲያው ትለካለህ። ደብረ ብርሃን በውርጭ 33 የነበረው 39 ሊያነብ ይችላል። ያ ትርፍ አየር አይደለም፣ ሙቀት ነው። 39ኙን ወደ 33 ካስተነፈስከው እሑድ ንጋት ደብረ ብርሃን ስትለካው 28 ታገኛለህ። መብራቱ ቢበራ ምን ይገርማል?

28 ይዘህ ቤተሰብ ጭነህ ስትሄድ የጎማው ሁለት ዳር ይበላል፣ ጎኑ ይግላል፣ የሃይብሪድህ ቁጠባም ይሄዳል። ስለዚህ፦ ጎማው ሳይሞቅ ለካ። ጠዋት፣ መኪናው ካደረበት ሳይነቃነቅ። ደብረ ብርሃን ስታድር በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ሙላ፤ ታች ወርደህ ምንም አትንካ። የተለጠፈው ላይ የፊትና የኋላው ይለያያል፣ ሙሉ ጭነትም ለብቻው ሊጻፍ ይችላል፤ አንብበው። ጎማው ጎን ላይ ያለው «ማክሲመም» የጎማው ጣሪያ ነው፣ የመኪናህ ልክ አይደለም።

የጫጫው፦ ናይትሮጅን ብንሞላ ይሄ ሁሉ አይቀርም?

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ አይቀርም። የምትተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ብርህን ያዝ።

የጫጫው፦ አዲስ አበባ ግን ሁሉም...

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ ቀጣይ።

የአልዩ አምባው፦ ለጊዜው ሁለት ብቻ ነው የምችለው። መኪናው የሚጎትተው በፊት ነው። አዲሶቹን ፊት አይደል?

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ ኋላ።

ባለ ፕሪየሱ፦ እንዴት ሆኖ? መሪው ፊት፣ ሞተሩ ፊት፣ ፍሬኑም አብዛኛው ፊት። የደከመውን ፊት አድርጌ በዝናብ ልንዳ?

ሸዋ ሮቢት፦ እኔም ሁልጊዜ ፊት ነው የማስገባው፤ እስካሁን ምንም አልሆንኩም።

የአልዩ አምባው፦ የሰፈራችን ጎሚስታም ፊት ነው ያለኝ።

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ የሰፈራችሁን ጎሚስታ አከብራለሁ፤ ግን ኋላ ነው። የፊት እግር በእርጥብ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ሊሄድብህ ይፈልጋል፤ መሪው ላይ ይሰማሃል፣ ነዳጁን ትለቅና ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን ጅራቱ ይዞርና ቀድሞህ ይሄዳል፤ ከመስማትህ በፊት አልቋል። ጣርማ በር ኩርባ ላይ ይሄ ሲሆን ታችህ ገደል ነው። እርግጥ ነው ፊት ቶሎ ይበላል፤ በተለይ ሃይብሪድ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ከቆመበት ይጎትታል፣ ስትፈርንም ኃይሉን ወደ ባትሪው የሚመልሰው በፊት እግር ነው። መፍትሔው በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ፊትና ኋላ ማዘዋወር ነው፤ አራቱ እኩል ያልቃሉ፣ ይሄ ክርክርም አይነሳም። ጥርሱ 1.6 ሚሊሜትር ሲደርስ መውረጃው ነው፤ በክረምት ግን 3 ላይ ሆናችሁ ማሰብ ጀምሩ።

ቤተ ኤሌክትሪክ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ሃይብሪድ ስለገዛችሁ ነው። ኤሌክትሪክ ብትገዙ ኖሮ ነዳጅ የለ፣ ምን የለ።

ባለ ፕሪየሱ፦ ኤሌክትሪክ ጎማ የለውም እንዴ?

ቤተ ኤሌክትሪክ፦ አለው፣ ግን...

የሸኖው፦ መንዝ ላይ ባትሪው ሲያልቅ ገፍተህ ታመጣዋለህ።

ቤተ ኤሌክትሪክ፦ ማታ ቤቴ ቻርጅ አድርጌ ነው የምወጣው፣ ሰልፍ አልጠብቅ።

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ ኤሌክትሪኩ ከሃይብሪዱም ይከብዳል፤ የሸክም ቁጥሩን እሱም ያንብብ። ሌላውን ውጭ ተከራከሩ።

እናት ዓለም፦ ጋሼ፣ ጎሚስታ ቤት ስወስደው ልጁ «አጥፊው» ይለኛል፤ እኔ የጠፋ ይመስለኛል፣ ድምፅ የለውም።

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ ይሄን ሁላችሁም አንብቡ፣ ሌላውን ብትረሱም። ሃይብሪድ ዝም ስላለ አልጠፋም። ዳሽ ቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው በርቶ ከሆነ መኪናው ለመሄድ ዝግጁ ነው፤ ሞተሩም በራሱ ሊነሳ ይችላል። ክሪክ ላይ ወጥቶ፣ ሰው ሥሩ አጎንብሶ፣ ልጅ ውስጥ ገብቶ ማርሽ ቢነካ አስቡት። ፒ ላይ አድርጊ፣ የእጅ ፍሬን ያዢ፣ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነሽ አጥፊ፣ «ሬዲ» መጥፋቱን እዪ፣ የመኪናውን ቁልፍ ይዘሽ ውረጂ። ክሪኩም ፋብሪካው ምልክት ያደረገበት ቦታ ብቻ ይገባል።

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦ ከጣርማ በር ስወርድ ባትሪው ሞልቶ ሞተሩ ይጮህብኛል። የጎማ ነው?

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ አይደለም። ባትሪው ሲሞላ የሚመልሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ስለሌለው በሞተሩ ነው የሚይዝልህ። ማርሹን ቢ ላይ አድርገህ ውረድ፣ ይጩህ። ስለ ባትሪ ሌላ ጥያቄ አልመልስም።

ዘመናይ፦ የእኔ 17 ቸርኬ ነው፣ 215/45። ኮብልስቶን ላይ ጎኑ ሁለቴ ተቀደደ። ስኮርታም የለውም፣ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው ያለው።

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ ፕሪየስ ከሆነ የ15 ቸርኬ ፈልግና 195/65 ግባበት፤ ቁመቱ ብዙም አይለያይም፣ ጎኑ ግን ወፍራም ነው፣ ድንጋይ ይችላል። ያ ፈሳሽ የሚስማር ቀዳዳ ይደፍናል፤ የተቀደደ ጎን ላይ አይሠራም። የተቀደደ ጎን እናለጥፍልህ የሚልህንም እሺ አትበል። አንኮበር ወይ መሃል ሜዳ የምትሄድ ከሆነ ስኮርታ ግዛ፣ ጫን።

የሸኖው፦ ጋሼ፣ በአጭሩ የትኛው ብራንድ ይሻላል? ሚሽሊን? ዮኮሃማ? ቻይና?

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ ሞዴል አልጻፍክ፣ መጠን አልጻፍክ፣ መንገድ አልጻፍክ። ቻይና ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ፈረንሳይ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት የተኛ ሚሽሊን ካምና ከተሠራ ሊንግሎንግ አይሻልም። መጠን፣ የሸክም ቁጥር፣ የእርጥብ ፊደል፣ አራቱ ቁጥር። በዚህ ቅደም ተከተል ያለፈውን፣ ኪስህ የቻለውን ግዛ።

የሸኖው፦ እሺ፣ ግን ሚሽሊን...

ጎሚስታ ዘጠባሴ፦ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት፣ መኪናህን ሳትነካ፣ የጎማህን ጎን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ጌጅ ካለህም ለካው፤ ጎማው ሳይሞቅ።