41 ሚሊዮን አሃዝ ስላለው ቁጥር የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ትልቁ ፕራይም ጽፌ ጥያቄ ጎረፈልኝ፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ፕራይም ወይም ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ለምንም ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው። እስካሁን ከሚታወቁት ትልቁን በፈረንጆቹ ጥቅምት 2024 ያገኘው አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት ነው። 136,279,841 ሁለቶችን ደርድራችሁ ታባዛላችሁ፣ ከዚያ 1 ትቀንሳላችሁ። በቃ፣ እሱ ነው።

«ይህን ሁሉ ማን አካፍሎ ጨረሰው?»

ማንም። ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚመጡት መርሴን የሚባሉት ቁጥሮች የራሳቸው አቋራጭ አላቸው። በ31 ላሳያችሁ፤ እሱ የአምስት ሁለቶች ብዜት ሲቀነስ 1 ነው። ከ4 ተነሱ። በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ፣ 14 ይመጣል። 14ንም እንደዚያው አድርጉት፣ 194። ይህ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8 ስለሆነ 8ን ይዘን እንቀጥላለን፦ 8 ሲባዛ በ8 64፣ 2 ሲነሳለት 62። 62 ደግሞ ለ31 ልክክ ብሎ ይካፈላል! መጨረሻ ላይ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ፕራይም ነው፣ ካልሆነ አይደለም። ለ31 ሦስት እርምጃ በቃን፤ ለዱራንት ቁጥር ግን ከ136 ሚሊዮን በላይ እርምጃ ያስፈልጋል፣ ያውም እስከ 41 ሚሊዮን አሃዝ በሚደርሱ ቁጥሮች ላይ። ለዚህ ነው ጠንካራ የግራፊክስ ቺፖች የተሰለፉት።

«የሁለቶቹ ብዛት ፕራይም ከሆነ ውጤቱም ፕራይም ነው?»

አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። 11 ፕራይም ነው፤ የ11 ሁለቶች ብዜት ሲቀነስ 1 ግን 2047 ነው፣ እሱም 23 ሲባዛ በ89። የ67 ሁለቶቹ ታሪክ ደግሞ እኔን ሁሌም ይገርመኛል። ሉካስ የሚባል ፈረንሳዊ በ1876 ፕራይም እንዳልሆነ አረጋገጠ፤ በምን በምን እንደሚካፈል ግን አላወቀም። መልሱን ያመጣው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው፣ በ1903፦ 193,707,721 ሲባዛ በ761,838,257,287። ያለ ኮምፒውተር! አስቡት።

«ባንኮች ለሚስጥር ቁልፍ ይጠቀሙበታል?»

አይ። የሚስጥር ቁልፍ ማንም የማያውቀው ፕራይም ነው የሚፈልገው፣ ይሄን ደግሞ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ለዚያ ሥራ 300 አሃዝ ገደማ ያላቸው ይበቃሉ።

«ከዚህ የሚበልጥ የለም ማለት ነው?»

አለ፣ ማለቂያ የላቸውም። ኤውክሊድ ከ2,000 ዓመት በፊት አስረድቶታል። የመርሴኖቹ ፕራይሞች ማለቂያ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን እስከ ዛሬ ማንም አላረጋገጠም።

«አምስተኛ ክፍል ያለች ልጄ የመጨረሻው አሃዝ ስንት ነው ትላለች።»

ልጅዎን ሳሙልኝ! ሁለቶችን ስናባዛ መጨረሻው 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ በየአራቱ ይመላለሳል። 136,279,841 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ ብዜቱ በ2 ያልቃል። 1 ስንቀንስ፣ መጨረሻው 1።