መጀመሪያ ውሃውን እወቁ

ውድ ልጆቼ፣

የጦር መርከብ ሞዴል ሠርታችሁ ኩሬ ላይ ልታዋጉ መነሳታችሁን ስሰማ ልቤ ሞቀ። በወጣትነቴ ምጽዋ፣ በባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ሠርቻለሁ፤ ከተሰደድኩ በኋላ ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ፓምፕ ስጠግን ኖርኩ። ይህ ጨዋታ የተጀመረው እዚሁ ቴክሳስ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ ነው። መርከቦቹ ከእውነተኞቹ 144 ጊዜ ያንሳሉ፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ትናንሽ የብረት ጥይቶች ይተኩሳሉ። ጎናቸው የሚለበጠው 1 ሚሊሜትር በማይሞላ የባልሳ እንጨት ስለሆነ ጥይቱ ይበሳዋል፤ ውሃ ይገባል፤ መርከቧም የምር ትሰጥማለች።

የመጀመሪያዬ የጀርመኗ የጦር መርከብ ቢስማርክ ነበረች። እውነተኛዋ 251 ሜትር ነበረችና የእኔዋ 1 ሜትር ከ74 ሆነች። ለማማዋና ለመድፎቿ ውበት ወራት ደከምኩ፤ የውስጥ ወለሏን ግን ጠፍጣፋ አድርጌ ተውኩት። ፓምፕ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ የገባውን ውሃ መልሶ የሚያስወጣውን ፓምፕ ያስቀመጥኩት ቦታ የተረፈበት ላይ ነው። በመጀመሪያው ፍልሚያ የተበሳችው ጥቂት ቦታ ብቻ ነበር። የገባው ውሃ ወለሉ ላይ በስሱ ተኝቶ ፓምፑ ዘንድ አልደረሰም። ወደ ግራ ሳጥፋት ያ ሁሉ ውሃ ወደ ቀኝ ሮጠ፤ ተገልብጣም ሄደች። ያሰጠመኝ ሰው ራሱ እስከ ደረቱ ኩሬው ውስጥ ገብቶ፣ በገመድ የታሰረውን ተንሳፋፊ ምልክት ተከትሎ አወጣልኝ።

መርከብን ከውሃው ክብደት በፊት የሚጥላት የውሃው መንሸራተት ነው። ስለዚህ ወለሉን ከግራና ከቀኝ በፎም ሞልታችሁ መሃል ለመሃል ጠባብ ቦይ ተዉ፤ ቦዩ ወደ ፓምፑ ያዘንብል። ባትሪው ከታች ይሁን፤ ከእጃችሁ መቆጣጠሪያ ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ከላይ፣ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ። ትንሽ መርከብ ትቀላለች ብላችሁ አትጀምሩ፤ ጋዙንና ባትሪውን መሸከም ያቅታታል። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ያገኘናትን፣ የባሕር ኃይላችንን ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ»ን 66 ሳንቲሜትር አድርጌ ሠርቻታለሁ። እሷ ግን ቤቴ መደርደሪያ ላይ ናት። ስትበሳ ማየት አልችልም።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ያለ መከላከያ መነጽር ኩሬው አጠገብ አትቁሙ። የብረት ጥይት ውሃ ላይ ይነጥራል። ጋዙን ሳትዘጉም መርከቧን አታንሱ።

አሁን ሳፋ ውሃ ሙሉና ረዘም ያለ የፕላስቲክ ዕቃ አንሳፍፉበት። ዕቃው ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጨምሩና ጎኑን በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ከዚያ ውሃ በማያሳልፍ ነገር መሃሉን በርዝመቱ ለሁለት ከፍላችሁ ድገሙት። ያው ውሃ ነው፤ የማናጋት ኃይሉ ግን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ልዩነቱ ጣታችሁ ላይ እስኪታወቃችሁ ደጋግሙት፤ ባልሳውን ከዚያ ግዙ።