ከጨረታ የተገዛ ሣር ማጨጃ፦ የጋራዥ ዓምድ ጥያቄና መልስ

ድርጅቶችና ሆቴሎች ንብረት ሲያስወግዱ ተቀምጠው የሚነዷቸው የሣር ማጨጃዎች አልፎ አልፎ በጨረታ ይወጣሉ። ሰሞኑን ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች በነዚሁ ላይ ስለሆኑ አንድ ላይ አደረግናቸው። መልሶቹ በብዛት የሚገኘውን፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ዋና ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደውን ሞተር ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ማሽኔ ባለ 12.5 ፈረስ ጉልበት ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተር አለው፤ ቫልቮቹ ከላይ ናቸው። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ግማሽ ዙር ይሄድና ቀጥ ይላል። ባትሪው አዲስ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ተፈትቶ ታይቷል። አሁን ደግሞ «ሌላ ሞተሪኖ ግዛ» ተባልኩ። ልግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ። መጀመሪያ ካንዴላውን ፈትተው ያውጡና ቁልፉን ያዙሩ። የካንዴላውን ገመድ ከቀዳዳው ራቅ አድርገው ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩት፤ በቀዳዳው ቤንዚን ሊረጭ ስለሚችል አጠገቡ ብልጭታ መኖር የለበትም። ሞተሩ ያለ ካንዴላ ሽው ብሎ ከዞረ ሞተሪኖውም ባትሪውም ደህና ናቸው፤ ያሸነፋቸው ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያምቀው አየር ግፊት፣ ነው። ያለ ካንዴላም ከከበደው ቴስተር ያምጡ። የሞላ ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሪኖው ሲጎትት ከ9.5 በታች ከወረደ ባትሪው አዲስ ቢባልም አልሞላም ወይም ደክሟል። ባትሪው ካልወረደና ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው ቮልት ግን ካነሰ የኬብሎቹን ጫፍ፣ ሶሌኖይዱን (ቁልፉ ሲዞር ኃይሉን ለሞተሪኖው የሚያገናኘውን ማብሪያ) እና ከሻሲው ጋር የሚያያዘውን ቡሎን ይመርምሩ። ሥሩ ቀለም ወይም ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍጉት።

ከሁኔታው እንደምንገምተው ግን ችግርዎ የቫልቭ ክፍተት ነው። ቫልቮቹን በሚያነሳው ካም ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር አንዱን ቫልቭ ጥቂት ከፈት አድርጋ የታመቀውን አየር ታስተነፍሳለች፤ ሞተሪኖው ፒስተኑን ማሳለፍ የሚችለው በዚህ ነው። ክፍተቱ በዕድሜ ብዛት ሲሰፋ ጉብታዋ ቫልቩ ጋ አትደርስም፤ ሞተሪኖውም ሙሉ ኮምፕሬሽን ይጋፈጣል። ግማሽ ዙር ሄዶ መቆም የዚህ ምልክት ነው። በዚህ ሰበብ ስንት ጤነኛ ሞተሪኖ እንደተጣለ ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የቫልቭ ክዳኑን አራት ቡሎኖች ፈትተው ክዳኑን ያውጡ። በካንዴላው ቀዳዳ እርሳስ አስገብተው ሞተሩን በእጅ፣ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ፣ ያዙሩት። ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው እርሳሱ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ አይቁሙ፤ እርሳሱ 6 ሚሊሜትር እስኪወርድ ትንሽ ይጨምሩ። ከፍተኛው ነጥብ ላይ ከለኩ ያቺ ጉብታ ቫልቩን ገና ይዛው ሊሆን ስለሚችል ልኩ ይሳሳታል። በካርቡሬተሩ በኩል ያለው ቫልቭ ክፍተት ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊሜትር፣ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ያለው ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር ይሁን። መሐል ያለችውን ማጠንከሪያ ያላሉ፣ ዳዶውን ያስተካክሉ፣ ያጥብቁ። ከዚያ ሞተሩን ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው እዚያው ነጥብ ላይ እንደገና ይለኩ፤ ሲጠብቅ ልኩ ይንሸራተታልና። ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ክፍተቱ ዳግም ከሰፋ ወይ ቫልቩን የሚገፋው ዘንግ ጎብጧል፣ ወይ ተሸካሚው ቡሎን ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) እየተነቀለ ነው።

ሳይነሳ የቆየ ሞተር ከሆነ ከማስነሳትዎ በፊት ዘይቱን ይቀይሩ። ይህ ሞተር 1.4 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ልኩን ግን የሚወስነው መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ምልክት ነው። ለድሬዳዋ ሙቀት ነጠላው 30 ቁጥር ዘይት ይሻላል። 10-ደብሊው-30 ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሠራበት ቶሎ ያልቃል። በአቧራና በሙቀት ለሚሠራ ማሽን በየ50 ሰዓቱ የሚባለውን ቅያሪ በየ25 ሰዓቱ ያድርጉት። ከላይ ያለውን የማራገቢያ ክዳንም ሳይፈቱ አያስነሱ። በሞተሩ ክንፎች መሐል አቧራና የፈሰሰ ዘይት ተጋግሮ ይደርቃል፤ አንዳንዴም የአይጥ ጎጆ ይገኛል። አየር ያጣ ሞተር የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ማሽኑን ከድሬዳዋ ወደ ሐረር አመጣነው። እዚህ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሣሩ ረዘም ካለ ይታፈናል። ካርቡሬተሩ ታጥቧል። ሌላ ምን ይደረግ?

መልስ፦ ግማሹ ችግር ብልሽት አይደለም፤ ከፍታ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ደግሞ በየ5.6 ዲግሪው 1 በመቶ ይቀንሳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 35 ዲግሪ በሆነ ቀን 12.5 የተባለው ሞተር 10.5 ያህል ይሰጣል። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሐረር 9.7 አካባቢ ይቀራል። ይህን የሚመልስ ጥገና የለም። ዝግ ባለ ማርሽ መንዳት፣ የመቁረጫውን ቤት ከፍ ማድረግና ረዥም ሣርን በሁለት ዙር ማጨድ ነው መላው።

ጭሱ ግን ይስተካከላል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛል፤ ካንዴላውን ቢያወጡት ጥላሸት የለበሰ ይሆናል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ይዩ፣ ቀጥሎ ቾኩ (ለማስነሻ አየር የሚዘጋው ክዳን) እስከ መጨረሻው መከፈቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ለከፍታ ቦታ የሚሠራ፣ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ያስፈልጋል። የሚታዘዘው በሞተሩ ላይ በተቀረጹት የሞዴል፣ የዓይነትና የኮድ ቁጥሮች ነው። የነበረውን ጂግለር በስታኞ ደፍኖ በመርፌ መብሳት አይሞከር። ሲያጥቡትም ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ይጠቀሙ፤ የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋና ጭሱን ያብሳል። ማሽኑ ወደ ድሬዳዋ ከተመለሰ ጂግለሩም ይመለስ፤ በጠባቡ ጂግለር ቆላ ላይ ከሠራ ቤንዚን አንሶት ይግላል፣ ቫልቭም ያቃጥላል።

ቤንዚኑን የገዛችሁት መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሆነ ሌላ ምርመራ ከመጀመራችሁ በፊት አፍስሱት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ያጨሳል፣ ሞተሩን ለማስነሳት ያስቸግራል፣ ዘይቱንም ያቀጥናል።

ጥያቄ፦ ምላጩ አልቋል። ድሬዳዋ ውስጥ ከመኪና ባሌስትራ ቆርጦ የሚሠራልኝ አግኝቻለሁ። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ባለ 42 ኢንች ማጨጃ ሁለት ምላጭ አለው፤ እያንዳንዱ 53 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በደቂቃ 3,300 ዙር ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 92 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የፋብሪካ ምላጭ ድንጋይ ሲመታ እንዲጎብጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ባሌስትራ የጠነከረ ብረት ነው፤ ሲቆረጥና ሲሞቅ ጠባዩ ይለወጣል፣ ሲመታም ይሰበራል። ስባሪው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። በብየዳ የተቀጠለ ምላጭም ያው ነው። በዚሁ ምክንያት ምላጩ ላይ ያለውን ፑሊ በትንሽ ቀይሮ ማፍጠን አይታሰብ፤ ለጫፉ የተፈቀደው ጣሪያ በሰከንድ 96.5 ሜትር ስለሆነ የቀረው ትርፍ ጥቂት ነው።

የነበረው ካልጎበጠና ካልሳሳ በ30 ዲግሪ ማዕዘን ይሳሉት። ከዚያ የመሐል ቀዳዳውን ግድግዳ ላይ በተመታ ሚስማር ላይ ይስቀሉት፤ ያጋደለው ወገን ይከብዳል፣ ከሱ ከጀርባው በኩል ይቀንሱ። ሚዛኑ የተዛባ ምላጭ ኩሽኔታውን ይበላል።

ጥያቄ፦ ሣር ማጨዱ ቀርቶብኝ መቁረጫውን አውጥቼ ለአትክልት ቦታዬ ውኃና ፍግ የሚጎትት ትንሽ ትራክተር ላደርገው ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል በጋሪ ይጎትትልኛል? ቦታው ዳገት አለው።

መልስ፦ ሜዳ ላይ ይጎትት ይሆናል፤ ዳገቱ ላይ ግን አንመክርም። ሙሉ በርሜል ብቻውን 200 ኪሎ ነው፤ ጋሪው ሲጨመር ከማሽኑ ከራሱ ይከብዳል። ጭንቁ መውጣቱ ላይ አይደለም፣ መውረዱ ላይ ነው። ፍሬኑ በካምቢዮው ጎን ያለች አንዲት ትንሽ ዲስክ ናት፤ ጎማ ላይ ፍሬን የለም። ግማሽ የሞላ በርሜል ደግሞ ውኃው ሲናጥ ጋሪውን ይወዘውዘዋል። በጀሪካን ይጫኑ፤ ዳገት ላይ ከአራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አይለፉ።

መጎተቻውን ከኋላ ዘንጉ ከፍታ በላይ አይበይዱት። ከፍ ካለ ጋሪው ወደ ኋላ ሲስብ የፊት ጎማዎቹ ይነሳሉ፤ መቁረጫው ሲወጣ የፊቱ ክብደት ስለሚቀንስ ይህ ይብሳል። ፊት ለፊት 20 ኪሎ ያህል ብረት በቡሎን ይሰሩለት።

ጉልበት ለመጨመር የሚሠራው ማሻሻያ ፑሊ መቀየር ነው። ካምቢዮው ላይ ያለው 7 ኢንች ከሆነና በ9 ኢንች ከተካው ፍጥነቱ 22 በመቶ ይቀንሳል፣ የመጎተት ኃይሉ 29 በመቶ ይጨምራል። ቺንጊያው 3 ኢንች ያህል የረዘመ ይሁን። የጨመሩት ኃይል ግን በካምቢዮው ጥርሶች ላይ እንደሚያርፍ አይርሱ፤ ፍሪሲዮኑን በድንገት አይልቀቁ። የሞተሩን ገቨርነር (ዙሩን የሚቆጣጠረው ክፍል) ሞላ በመሳብ ዙሩን መጨመርስ? አይሞከር። የፒስተኑ ክንድ አሉሚኒየም ነው፤ ሲበጠስ ብሎኩን ሰብሮ ይወጣል።

የመቀመጫውን ማጥፊያ ስዊች በሽቦ ማገናኘት ብዙ ሰው ይወዳል። ስዊቹ ከተበላሸ ይቀየር፤ ሰው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው እሱ ብቻ ነው። ገመዶቹን ሲነኩ ደግሞ ለካንዴላው ብልጭታ ከሚሰጠው ቦቢና የሚወጣውን ማጥፊያ ሽቦ ከባትሪ ጋር አያገናኙ፤ 12 ቮልት ከገባበት ቦቢናው ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ዋናው ቺንጊያ ተበጠሰ። የወፍጮ ቤት ቺንጊያ ይገጥማል ወይ?

መልስ፦ ስፋቱ ይገጥማል፤ ቁጥሩ ነው የሚያሳስተው። በማጨጃው ቺንጊያ ላይ 4ኤል830 ተብሎ ከተጻፈ የውጭ ዙሩ 83 ኢንች ነው። የወፍጮው ኤ ቺንጊያ የሚቆጠረው በውስጥ ዙሩ ስለሆነ 2 ኢንች ይቀንሱ፤ ኤ81 ብለው ይጠይቁ። ለመንጃው ይሠራል። ለመቁረጫው ግን ጀርባው በፑሊ የሚታሸውና ጠንካራ ክር ያለው ስለሚያስፈልግ የወፍጮው ቶሎ ይላጣል።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ እሾህ ጎማውን ይበሳዋል። የባጃጅ ጎማ ብናስገባበትስ?

መልስ፦ የኋላው ቸርኬ 8 ኢንች ስለሆነ ይገባል ብላችሁ ይሆናል። የባጃጅ 4.00-8 ለጠባብ ቸርኬ የተሠራ ነው፤ የማጨጃው ቸርኬ በጣም ሰፊ ስለሆነ ጎማው ከንፈሩን አይዝም። ባለበት ጎማ ውስጥ በልኩ ከለመዳሪ ያስገቡ። ከዚያ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሱት፤ ጨርቁን የሚይዝ ቦታ ሁሉ የተሰበረ እሾህ አለበት፣ በፒንሳ ይነቀል። ነፋሱ ለኋላ 10፣ ለፊት 14 ፒኤስአይ ይበቃል። ጎማ ቤት እንደ ባጃጅ 30 እንዲሞሉላችሁ አትፍቀዱ።