የቤት ውስጥ ካሜራና ሊያድር የመጣ ዘመድ፦ ጥያቄና መልስ

ካሜራ በመትከልና በመጠገን 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ጉዳይ ስለሚያመሩ ዛሬ ማታ በእሱ ላይ ብቻ እንቆይ፦ ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ ያለበት ቤት ዘመድ መጥቶ ሲያድርበት ምን ይደረግ? ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። የቤት ውስጥ ካሜራ የሚጠቅመው ባዶ ቤት ለመጠበቅ ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ ካለ ሥራው አብቅቷል። ከምስሉም ይልቅ የሚያስፈራኝ ድምፁ ነው። ስትጠይቁኝ ካሜራው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያየውና ቀረጻው የት እንደሚቀመጥ ጻፉልኝ።

ምራት፦ የባለቤቴ እናት ለሦስት ሳምንት እኛ ጋ መጥተዋል። የሚተኙት ሳሎን ነው፤ ካሜራው ደግሞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ማታ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ እህቴ። ወደ ግድግዳ ስታዞሪው ዓይኑን ጋረድሽ እንጂ ጆሮውን አልደፈንሽም። እነዚህ ካሜራዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ማይክሮፎን አላቸው፤ ከፋብሪካ ሲወጡም ብዙውን ጊዜ ማይክሮፎኑ ተከፍቶ ነው። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ከክፍሉ ማዶ የሚነገረውን ይሰማል፤ በር ገርበብ ካለ የኮሪደሩንም ይጨምራል።

ይህን ነገር የምደጋግመው ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። ከዓመታት በፊት አክስቴ እኛ ቤት ሰንብታ ነበር። አንድ ቀን የውጭው በር ስንት ሰዓት ላይ ክፍት እንደተተወ ለማወቅ የጠዋቱን ቀረጻ ከፈትኩ። አክስቴ ብቻዋን ሶፋ ላይ ተቀምጣ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራለች። ያወራችው ለልጆቿ እንኳ ያልነገረችውን ነው። ቶሎ ዘጋሁት፤ ግን የተሰማ ነገር ተመልሶ አይወጣም። በኋላ ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ይቅርም አለችኝ። ካሜራውን ያን ዕለት ነቀልኩት። ሆኖም ዛሬም ድረስ ቤቴ መጥታ ስልኳ ሲጠራ ተነሥታ ወደ ደጅ ትወጣለች።

ሰው ካሜራ ፊት ልብሱን ያስተካክላል፤ አንደበቱን ግን ለሰዓታት መጠበቅ አይችልም። የሕግ ሰዎችም ልዩነቱን ያውቁታል። የካሊፎርኒያ ሕግ በምስጢር የሚደረግን ንግግር ለመቅረጽ የተናጋሪዎቹን ሁሉ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጀርመን የወንጀል ሕግም በግል የተነገረን ቃል ያለ ፈቃድ መቅረጽን ራሱን ችሎ ይቀጣል።

ስለዚህ ለሦስቱ ሳምንታት ገመዱን ከሶኬት ንቀይው። እርሳቸው በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ሌላ መካከለኛ መንገድ አላይም።

ባለ ሦስት ካሜራ፦ ካሜራው በግልጽ የሚታይ ነው፤ የደበቅኩት ነገር የለም። በገዛ ቤቴ ለእንግዳ ምን ብዬ ልናገር?

መልስ፦ ዕቃው ይታያል፤ ሥራው ግን አይታይም። እንግዳው ድምፅ እንደሚቀዳ ከምን ያውቃል? ቀረጻው ለስንት ቀን እንደሚቆይስ? በሌላ ከተማ ያለ ወንድምዎ በስልኩ እንደሚመለከትስ? ብዙዎቹ ካሜራዎች ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እንኳ ከመተግበሪያው ትጠፋለች። ስለዚህ ይንገሩ፤ ያውም እንግዳው ሻንጣውን ሳይፈታ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ ካሜራው እዚህ ነው፣ ይህን ክፍል ያያል፣ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፣ የሚያየው እኔ ብቻ ነኝ፣ እርስዎ እስካሉ ድረስም እነቅለዋለሁ።

ኤርቢኤንቢ የተባለው፣ ሰዎች ቤታቸውን ለመንገደኛ የሚያከራዩበት ድረ ገጽ፣ ቀድሞ አከራዮች በጋራ ክፍሎች ውስጥ ካሜራ እንዲያኖሩ፣ አስቀድመው እስካሳወቁ ድረስ፣ ይፈቅድ ነበር። ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የቤት ውስጥ ካሜራን ጨርሶ ከልክሏል፤ ቢነገርም ባይነገርም። ገንዘብ ከፍሎ ለሚያድር መንገደኛ ይህ ከተገባው፣ ለገዛ አጎትዎ እንዴት ያንሰዋል?

ገዢ፦ የትኛው ካሜራ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? የት ለማኖር? እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የለኝም።

የሌሊት ሠራተኛ፦ መብራት ሲጠፋ ካሜራው ስለማያይ ማታ ማታ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ በጨለማም ያያል። በሌንሱ ዙሪያ ኢንፍራሬድ የተባለውን፣ ዓይን በአብዛኛው የማያየውን ብርሃን የሚረጩ ትንንሽ አምፖሎች አሉ። የሞገድ ርዝመቱ 850 ናኖ ሜትር የሆነውን ብርሃን የሚጠቀሙት ቀረብ ብሎ ለሚያይ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ያሳያሉ። 940 ናኖ ሜትር የሚጠቀሙትን ግን የሰው ዓይን አያያቸውም። እንግዳ መብራት አጥፍቶ ብቻውን እንደሆነ ሲያስብ ካሜራው በጥቁርና ነጭ አጥርቶ ያየዋል። ልብስ የሚቀየረው ደግሞ መብራት ከጠፋ በኋላ ነው።

ጠንቃቃ፦ ቀረጻውን በሚሞሪ ካርድ ላስቀምጥ ወይስ በክላውድ? ካሜራው ኮሪደር ላይ ነው፤ የማየው እኔና ባለቤቴ ነን። ዘመዶቻችን በየወሩ እየመጡ ያድራሉ።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። በእኔ እምነት ካርድ ይሻላል። ጥሩ ጥራት ያለው ምስል በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቢወስድ በሰዓት 0.9፣ በቀን ደግሞ ወደ 22 ጊጋ ባይት ይሆናል። እንግዲህ 128 ጊጋ ባይት የሚይዝ ካርድ ያለማቋረጥ ቢቀረጽበት በአምስት፣ በስድስት ቀን ይሞላና የድሮውን በአዲሱ ይተካል። ለእንግዳ ክብር ይህ መልካም ነው፤ የዘመድ ሰውነት ለወራት በመዝገብ አይቀመጥም። ጉዳቱ ካሜራውን የሰረቀ ሰው ካርዱንም ይዞ መሄዱ ነው።

ክላውድ ማለት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ማለት ነው፤ እዚያም ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን ካሜራ አምራች ከስሶት ነበር። በክሱ ላይ እንደሰፈረው አንድ የኩባንያው ሠራተኛ በመኝታና በመታጠቢያ ክፍል ያሉ የሴት ደንበኞችን ካሜራዎች እየመረጠ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቀረጻዎችን ለወራት ሲመለከት ነበር። ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2024 ደግሞ የዋይዝ ካሜራ ባለቤቶች የሆኑ ወደ 13 ሺህ ሰዎች በስልካቸው ላይ የሌላ ሰው ቤት ምስል ታየባቸው። ማንም ሰብሮ አልገባም፤ አገልግሎቱ ተቋርጦ ሲመለስ ምስሎቹ ለማይገባቸው ሰዎች ተላኩ። እነዚያ ቤቶች ውስጥ እንግዶችም አልነበሩም ብሎ የሚምል ማን ነው? ባለቤቱ ሲመዘገብ ውሉን ተስማምቶ ተቀብሏል፤ እንግዳው ግን በምንም አልተስማማም።

ካርድም ሆነ ክላውድ፣ ድምፁን ያጥፉ።

ታናሽ ወንድም፦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ባዞረውስ?

መልስ፦ ከላይ ለምራት መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ከእናቴ ጋር የምኖር፦ የእኔ ጉዳይ ይለያል። እናቴ የመርሳት ሕመም አለባት፤ ሌሊት ተነሥታ በር ከፍታ ትወጣለች። ካሜራውን መንቀል አልችልም። እህቶቿ ሲመጡ ደግሞ አብረዋት በአንድ ክፍል ያድራሉ።

ባለ ሦስት ካሜራ፦ ይኸው! ሁሉም ይነቀል ማለት ቀላል ነው። እኛ ቤት ዘመድ አድሮ ከሄደ በኋላ ወርቅ ጠፍቶ አንድ ቤተሰብ ሁለት ዓመት ተኳርፏል። ያኔ ካሜራ ቢኖር ማን እንደወሰደው ይታወቅ ነበር።

የሌሊት ሠራተኛ፦ ወይም ማንም እንዳልወሰደው ይታወቅ ነበር። እኛ ቤት እንዲሁ ሆኖ የጠፋው ዕቃ ከመሳቢያ ጀርባ ተገኘ። እስከዚያ ግን የአጎቴን ልጅ ስንጠረጥር ነበር።

ባለ ሦስት ካሜራ፦ ካሜራ ንጹሑንም ነጻ ያወጣል ማለት ነው።

ከእናቴ ጋር የምኖር፦ እኔ የጠየቅኩት ስለ ወርቅ አይደለም።

መልስ፦ ልክ ናት፤ ጥያቄዋ ይከበር። ወርቅ የሚጠበቀው በሚቆለፍ ሳጥን ነው። የሚተማመንበትን ዘመድ ሁሉ ተጠርጣሪ አድርጎ መቅረጽ ኩርፊያን አያስቀርም፤ ሌላ ኩርፊያ ይወልዳል።

አንቺ እህቴ፣ እውነተኛ ችግር አለብሽ፤ ስለዚህ በዝርዝር ልመልስልሽ። የምትፈልጊው እናትሽ መነሣቷንና በር መከፈቱን ማወቅ ነው። ለዚህ ምስል አያስፈልግም። በር ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ያለው ጠቋሚ አለ፤ በሩ ሲከፈት ስልክሽን ያስጮኸዋል። ከአልጋው ግርጌ የሚነጠፍ፣ ሲረገጥ የሚጠራ ምንጣፍም አለ። ሁለቱም ማንንም አይቀርጹም፤ እህቶቿ ቢያድሩም ቢያወሩም ጠቋሚውና ምንጣፉ የሚሰሙትም የሚያዩትም ነገር የለም። ካሜራም ያስፈልገኛል ካልሽ ከመኝታ ክፍሉ አውጥተሽ የውጭውን በር ብቻ ወደሚያይበት ቦታ ውሰጂው። በመተግበሪያው ውስጥ የምስሉን ከፊል በጥቁር የሚሸፍን አማራጭ ብዙዎቹ ላይ አለ፤ የመኝታ ክፍሉን በር በእሱ ሸፍኚው። ነገር ግን ያ ጥቁር ሽፋን ምስል ብቻ ይሸፍናል፤ ድምፅ እንዳለ ያልፋል። ማይክሮፎኑን ለብቻው አጥፊ፤ ከዚያ ካሜራው አጠገብ ቆመሽ ተናግረሽ ቀረጻውን ከፍተሽ አድምጪ። በጆሮሽ ሳታረጋግጪ በመተግበሪያው ላይ የተጻፈውን አትመኚ።

መስታወትም ተመልከቺ። በሩን ብቻ ያያል ያልነው ካሜራ ትይዩ ባለ መስታወት ወይም በጠፋ ቴሌቪዥን ላይ ሌላውን ክፍል ሲያሳይ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አባት፦ የወንድሜ ልጆች ከልጄ ጋር ያድራሉ። በልጄ ክፍል ያለው የሕፃን መከታተያ ካሜራ እንዳለ ይቆይ?

መልስ፦ አይቆይ። የሌላ ሰው ልጆች በሚተኙበትና ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል ካሜራ አይኖርም። ወላጆቻቸው ቢፈቅዱም አይኖርም። የቆየ ቀረጻም ካለ ዛሬውኑ ያጥፉ።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ እኔ እንግዳው ነኝ። አጎቴ ቤት ነው የምኖረው። የምተኛበት ክፍል ውስጥ ካሜራ መኖሩን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ አስቀድመህ አጎትህን ጠይቀው። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ራስህ ለማየት ከፈለግህ ክፍሉን አጨልመህ የእጅ ባትሪ በዓይንህ ልክ ይዘህ በዝግታ ዙር፤ ሌንስ ካለ ብርሃኑን እንደ ጠብታ ይመልሰዋል። በጨለማ የስልክህን የፊት ካሜራ ከፍተህ ብታይበትም ብዙ ጊዜ ኢንፍራሬዱ ነጭ ወይም ሐምራዊ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ የኋላው ካሜራ ብዙውን ጊዜ ስለሚያጣራው አይጠቅምህም። ሰዓት፣ ቻርጀርና የጭስ ጠቋሚ የሚመስሉ ካሜራዎች ስላሉ ወደ አልጋህ የዞረ ዕቃ ካለ ቦታውን ቀይር። ካገኘህ አትስበረው፤ ንቀለውና የምታምነውን ትልቅ ሰው ጥራ።

ነጋዴ፦ ለማስፈራሪያ ብቻ የውሸት ካሜራ ብሰቅልስ? እንግዳ አይጎዳም።

መልስ፦ እንግዳው የውሸት መሆኑን አያውቅም። በእውነተኛው ልክ ይጨነቃል።

የሕግ ጥያቄ ያለኝ፦ በምኖርበት አገር ይህ ወንጀል ነው ወይስ አይደለም?

መልስ፦ ጠበቃ ይጠይቁ። እኔ ካሜራ ተካይ ነኝ።

ጀማሪ፦ የይለፍ ቃሌን መቀየር አለብኝ? ካሜራው ሲገዛ የመጣበት ነው።

መልስ፦ አሁኑኑ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው ከፋብሪካ የመጡ 60 ያህል የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን በመሞከር ብቻ ነው። በሁለት ደረጃ የሚያረጋግጠውን የመግቢያ ዘዴም ያብሩ። ከዚያ በመተግበሪያው ውስጥ ካሜራውን ማየት የተፈቀደላቸውን ስልኮች ዝርዝር ይክፈቱ። እኔ ሄጄ ከጠገንኳቸው ቤቶች በብዙዎቹ የቀድሞ ባል፣ የተለየች እጮኛ ወይም ቤቱን የለቀቀ ተከራይ አሁንም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ።

ሌላ ጠያቂ፦ እንግዳ ሲመጣ ካሜራው ራሱ የሚጠፋበት መንገድ አለ?

መልስ፦ የእርስዎ ስልክ ቤት ሲደርስ ካሜራውን የሚያጠፋ ቅንብር አለ። ግን እርስዎ ወደ ሥራ ሲወጡ መልሶ ይበራል፤ እንግዳው ደግሞ ያኔ ነው ብቻውን የሚቀረው። ስለዚህ ለእንግዳ ጊዜ አይሆንም። ገመዱን ይንቀሉ። ድምፁን አጥፉ፣ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ንቀሉ፤ ይህን ስንት ጊዜ ልጻፈው?

ምራት፦ ነቅዬዋለሁ፣ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እርሳቸው ከመጡ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። የዘጠኙ ቀን ቀረጻ አለ፤ በስልክ ሲያወሩም ሲጸልዩም ይሰማል። ላጥፋው ወይስ መጀመሪያ ልንገራቸው?

መልስ፦ ከፍተሽ አትስሚው፤ ምን እንዳለበት ለማወቅ ብለሽም ቢሆን። አጥፊው። ከመተግበሪያው፣ ከክላውዱ፣ ከካርዱ፤ ካርዱን እንደ አዲስ ፎርማት አድርጊው። ባለቤትሽ ስልክ ላይ የወረደ ቁራጭ ካለም እሱንም። ከዚያ ንገሪያቸው።

ምራት፦ ምን ብዬ?

መልስ፦ እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የነበረው ዕቃ ካሜራ ነው፤ ድምፅም ይቀዳል። ከመጡ ቀን ጀምሮ ሳልነግርዎ በርቶ ነበር። ያለውን ሁሉ ሳልሰማ አጥፍቼዋለሁ፤ ዕቃውም ይኸውልዎ፣ ተነቅሏል።» ካሜራውን በእጃቸው ስጪያቸው። እስኪሄዱ ድረስ እርሳቸው ዘንድ ይቀመጥ።